«የማቀዝቀዣ እናቶች»፦ ስለ ኦቲዝም የተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። ዋና ዋና መገለጫዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሰዎች ጋር በመግባባትና ማኅበራዊ ግንኙነት በመመሥረት ረገድ የሚታይ ችግር ሲሆን፣ ሁለተኛው ተደጋጋሚ የሆነ ባሕርይና እንቅስቃሴ እንዲሁም በጥቂት ነገሮች ላይ ብቻ የተወሰነ ዝንባሌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 ባወጣው ግምት መሠረት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት።

ስለ ኦቲዝም የሚቀርቡ የሕክምና ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በልጁ ላይ ነው። ቤተሰቡ፣ በተለይም እናትየዋ፣ ከጤና ባለሙያው አንደበት የምትሰማው ቃል የሚያስከትለው ጉዳት ወይም ጥቅም ግን እምብዛም አይነሳም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጉዳይ በአንድ ዘጋቢ ፊልም አማካይነት መመርመር፣ የቀደሙት ሐኪሞች የተሳሳቱበትን መንገድ ማሳየትና ለዕለት ተዕለት ሥራችን የሚሆን ትምህርት መውሰድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፊልሙ

«ሪፍሪጅሬተር መዘርስ» (የማቀዝቀዣ እናቶች) የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም በ2002 በአሜሪካ ለእይታ የበቃ ነው። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሲምፕሰን ሲሆን፣ ያዘጋጀው ካርተምክዊን ፊልምስ የተባለው በ1966 በቺካጎ የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ከአዘጋጆቹ አንዷ ጄ.ጄ. ሃንሊ ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ናት። ፊልሙ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ታይቷል።

ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ውድ መሣሪያም ሆነ የታወቁ ተዋንያን የሉበትም። የተገነባው ከሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም በዕድሜ የገፉ እናቶች በየቤታቸው ተቀምጠው የሚሰጡት ቃል፣ ቤተሰቦቹ ራሳቸው የቀረጹአቸው አሮጌ የቤት ውስጥ ምስሎችና የዘመኑ የቴሌቪዥንና የፊልም ማኅደር ናቸው። ይህ ቀላል አሠራር ለጉዳዩ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። ለብዙ ዓመታት ስለ እነዚህ እናቶች ሲናገሩ የነበሩት ባለሙያዎች ነበሩ፤ በፊልሙ ግን እናቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

እናቶቹ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሐኪም የሄዱ ናቸው። የልጃቸው ንግግር ዘግይቷል፤ ሲጠሩት አይዞርም፤ ሲያቅፉት ይሸሻል፤ ዕቃዎችን ለሰዓታት ያሽከረክራል። የተሰጣቸው መልስ ግን ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ነበር። ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው ተባሉ። ስለሆነም ከልጁ ይልቅ እናትየዋ ወደ ሳይኮአናሊሲስ ሕክምና ተላከች፤ ልጇን ያልወደደችበትን ምክንያት ከውስጧ ፈልጋ እንድታወጣም ተጠየቀች።

ከእናቶቹ መካከል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ትገኛለች። እርሷ ያጋጠማት ደግሞ በተቃራኒው ነበር። በጊዜው ኦቲዝም የተማሩ ነጮች ልጆች ሕመም ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ነጭ ያልሆነችና ያልተማረች ናት ተብላ የተገመተች እናት ልጅ ኦቲዝም ሊኖረው አይችልም ተባለ። ልጁም የስሜት መታወክ አለበት የሚል ሌላ ስም ተሰጠው። ስለሆነም አንዱ የተሳሳተ ሐሳብ ሁለት ዓይነት ጉዳት አድርሷል፤ ምርመራው የተሰጣቸውን እናቶች በጥፋተኝነት ሲያሸማቅቅ፣ ሌሎቹን ምርመራውን ራሱን ከልክሏቸዋል።

የስሕተቱ አመጣጥ

ሐሳቡ ከየት መጣ የሚለውን መመርመር ተገቢ ነው። በ1943 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች፣ ማለትም ስለ 8 ወንዶችና ስለ 3 ሴቶች፣ አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ አሳተሙ። በጽሑፉ መደምደሚያ ላይ ሁኔታው ከልጆቹ ጋር የተወለደ መሆኑን ገልጸዋል። ሆኖም በዚያው ጽሑፍ ወላጆቹ በአብዛኛው ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው፣ ነገር ግን ስሜታቸውን እምብዛም የማያሳዩ መሆናቸውን ጠቀሱ። በ1949 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ የልጆቹን አስተዳደግ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከመቀመጥ ጋር አመሳሰሉት። ፊልሙ ስያሜውን ያገኘው ከዚህ ምሳሌ ነው።

ሐሳቡን በሕዝብ ዘንድ ያስፋፉት ግን ብሩኖ ቤተልሃይም ናቸው። ቤተልሃይም በ1903 በቪየና የተወለዱ፣ በ1938 እና በ1939 በናዚዎች የዳካውና የቡከንቫልድ ማጎሪያ ሠፈሮች ታስረው የነበሩ ሰው ናቸው። ከ1944 እስከ 1973 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን የኦርቶጄኒክ ትምህርት ቤት መርተዋል። የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም። በ1967 «ዘ ኤምፕቲ ፎርትረስ» (ባዶው ምሽግ) በተሰኘ መጽሐፋቸው የእነዚህን ልጆች ሁኔታ በማጎሪያ ሠፈር ካዩት የእስረኞች ተስፋ መቁረጥ ጋር አነጻጸሩ። በዚህ ንጽጽር ውስጥ ወላጆቹ የያዙት ቦታ የጠባቂዎቹን ነበር። መፍትሔ ተብሎ የቀረበውም ልጁን ከወላጆቹ ለይቶ ማኖር ሆነ። መጽሐፉ በሰፊው ተነበበ፤ ደራሲውም በጋዜጣና በቴሌቪዥን የታመኑ ሊቅ ሆነው ቆዩ።

የማስረጃው ጉድለት

ይህ ሐሳብ በማስረጃ ሳይደገፍ እንዴት ከሃያ ዓመት በላይ ሊቆይ ቻለ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም፤ ተመሳሳይ ስሕተት በማንኛውም የሕክምና ዘርፍ ሊፈጸም ይችላልና። ቢያንስ አራት ጉድለቶችን መለየት ይቻላል።

አንደኛው የአመራረጥ አድልዎ ነው። በ1940ዎቹ ልጃቸውን ወደ አንድ ታዋቂ ልዩ ሐኪም ማድረስ የሚችሉት ገንዘብና ትምህርት ያላቸው ወላጆች ነበሩ። ስለሆነም በክሊኒኩ የታዩት ቤተሰቦች የኦቲዝምን ሥርጭት ሳይሆን የክሊኒኩን በር ስፋት የሚያሳዩ ነበሩ።

ሁለተኛው ምክንያትንና ውጤትን ማገላበጥ ነው። ልጇ ለፈገግታዋ ፈገግታ የማይመልስላት፣ ስታቅፈው የሚገፋት እናት ከጊዜ በኋላ ልትቆጠብና ልትደክም ትችላለች። ሐኪሙ ይህንን መቆጠብ ሲያይ የሕመሙ ምክንያት አድርጎ ወሰደው። በእርግጥ ያየው ግን ሕመሙ ያስከተለውን ድካም ነበር።

ሦስተኛው የማነጻጸሪያ ቡድን አለመኖር ነው። ከእነዚሁ እናቶች የተወለዱና በዚያው ቤት ያደጉ ሌሎች ልጆች ኦቲዝም አልነበራቸውም። በሌላ በኩል በእርግጥ ፍቅር ተነፍገው ያደጉ ብዙ ልጆች ኦቲዝም አልያዛቸውም። ሁለቱን ቡድኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ብቻውን ሐሳቡን በጥያቄ ውስጥ ለማስገባት በቂ ነበር።

አራተኛው ሐሳቡ በምንም ዓይነት መልስ ሊፈተን የማይችል መሆኑ ነው። እናትየዋ «ልጄን እወደዋለሁ» ብትል እውነቱን ከራሷ እየሸሸገች ነው ይባላል፤ ዝም ብትል እንዳመነች ይቆጠራል፤ ብታለቅስ ጥፋተኝነቷ ታወቀ ይባላል። የትኛውም መልስ ተከሳሹን ነጻ ሊያወጣ የማይችልበት ምርመራ ሳይንሳዊ ምርመራ ሊባል አይችልም።

የስሕተቱ መታረም

ማስተካከያው የመጣው በአብዛኛው ከወላጆች ነው። በርናርድ ሪምላንድ የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ የኦቲዝም ልጅ አባት ነበሩ። በጊዜው የነበረውን ጽሑፍ ሁሉ መርምረው በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የወላጅ ጥፋት የሚለው ሐሳብ ማስረጃ እንደሌለውና ሁኔታው ሥነ ሕይወታዊ መሠረት እንዳለው አሳዩ። የመጽሐፉን መቅድም የጻፉት ሊዮ ካነር ራሳቸው ናቸው። በ1965 ሪምላንድና ሌሎች ወላጆች ብሔራዊ የወላጆች ማኅበር መሠረቱ፤ ካነርም በ1969 በዚሁ ማኅበር ጉባኤ ላይ ተገኝተው ወላጆች ከጥፋተኝነት ነጻ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ።

በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር በብሪታንያ 21 መንትያ ጥንዶችን አጠኑ። ከ11ዱ ተመሳሳይ መንትዮች በ4ቱ ጥንዶች ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ከ10ሩ ተመሳሳይ ያልሆኑ መንትዮች ግን ሁለቱም የተያዙበት አንድም ጥንድ አልተገኘም። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የዘር ውርስን ድርሻ በግልጽ ያመለከተ ጥናት ነበር። በ2019 ከ5 አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን መዝገብ በመመርመር የወጣ ጥናት ደግሞ ለኦቲዝም ተጋላጭነት የዘር ውርስ ድርሻ 80 በመቶ ያህል መሆኑን ገምቷል። የእናቶች አስተዳደግ የሚባለው ምክንያት በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ድጋፍ አላገኘም።

ይሁን እንጂ ወላጆችን የሚያሸማቅቅ ሐሳብ መልኩን ለውጦ ተመልሷል። በ1998 በ12 ልጆች ላይ የተመሠረተ አንድ ጽሑፍ ኦቲዝምን ከኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ጥምር ክትባት ጋር አያያዘ። ጽሑፉን ያተመው ላንሴት መጽሔት በ2010 የሰረዘው ሲሆን፣ ዋናው ጸሐፊም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። በ2019 በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ክትባቱ የኦቲዝምን ተጋላጭነት እንደማይጨምር አረጋግጧል። ልጇን ያስከተበች እናት ራሷን የምትወቅስበት ምክንያት የለም።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

ፊልሙ የሚያሳየው የአሜሪካን ታሪክ ነው። ነገር ግን እናትን መውቀስ የአንድ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ወቀሳው የሚቀርበው በሳይኮአናሊሲስ ቋንቋ ሳይሆን በእርግማን፣ በኃጢአት ቅጣት፣ በልክፍት ወይም እናትየዋ በእርግዝናዋ ወቅት ፈጸመችው በሚባል ስሕተት መልክ ነው። ውጤቱ ግን ተመሳሳይ ነው። በ2016 በአዲስ አበባ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚንከባከቡ 102 ሰዎችን በማነጋገር የወጣ ጥናት፣ ከተጠያቂዎቹ ግማሽ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ምክንያት ኀፍረት እንደሚሰማቸው አሳይቷል። ብዙዎቹም ሕክምናዊና መንፈሳዊ ምክንያቶችን ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር።

ፊልሙ በወጣበት በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ወይዘሮ ዘሚ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሲሆኑ፣ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ማጣታቸው ለማዕከሉ መመሥረት ምክንያት ሆኗል። «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተሰኘ በአማርኛ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ከሁሉም በላይ ልጃቸውን ሳይደብቁ በአደባባይ መናገራቸው ለብዙ ቤተሰቦች በር ከፍቷል። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከጆይ ቀጥሎ የተቋቋመው የነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ጥረት ውጤት ነው። በአሜሪካ እንደታየው ሁሉ በአገራችንም ቀድመው መንገድ የጠረጉት ወላጆች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚሆኑ ነጥቦች

1. የእናትን ቃል እንደ ክሊኒካዊ መረጃ መውሰድ። «ልጄ እንደ ሌሎቹ አይደለም» የምትል እናት አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናት። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ብሎ መመለስ ውድ ጊዜ ያስባክናል። በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በአንድ ዓመት ከመንፈቁ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላት አጣምሮ የማይናገር ልጅ ምርመራ ያስፈልገዋል። በማንኛውም ዕድሜ ቀድሞ የነበረውን ንግግር ወይም ማኅበራዊ ችሎታ ያጣ ልጅም እንዲሁ ሊመረመር ይገባል። ለክትባት የሚመጡበት ቀን ይህንን ለመጠየቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

2. የዓይን ግንኙነትን በጥንቃቄ መመዘን። በብዙ የአገራችን ቤተሰቦች ልጅ ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት ትኩር ብሎ እንዳያይ ይማራል። ስለሆነም ልጁ ሐኪሙን አለማየቱ ብቻውን ምልክት ሊሆን አይችልም። ከእናቱና ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ምን እንደሚያደርግ መጠየቅና ሲጫወት መመልከት ያስፈልጋል።

3. አብረው የሚመጡ ችግሮችን መፈተሽ። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። የሚጥል በሽታና የአእምሮ እድገት ውስንነት ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች በበለጠ ይታያሉ። የእንቅልፍ መዛባት፣ የሆድ ድርቀትና የምግብ መምረጥም የተለመዱ ናቸው። መናገር የማይችል ልጅ በድንገት ራሱን መምታት ወይም መጮኽ ሲጀምር የጥርስ፣ የጆሮ ወይም የሆድ ሕመም እንዳለበት ማየት ይቀድማል።

4. ስለ መድኃኒት እውነቱን መናገር። የኦቲዝምን ዋና መገለጫዎች የሚያድን መድኃኒት የለም። ሪስፔሪዶንና አሪፒፕራዞል ለከባድ ቁጣና ራስን ለመጉዳት ባሕርይ በልዩ ባለሙያ ክትትል ሊሰጡ ይችላሉ፤ ልጁን ጸጥ ለማሰኘት ብቻ ግን ሊታዘዙ አይገባም።

5. ጥፋተኝነትን በቃል ማንሳት። አንዳንድ እናቶች ጥያቄውን በአፋቸው አያወጡትም፤ በልባቸው ግን ይዘውት ይመጣሉ። ስለሆነም ባለሙያው ሳይጠየቅ «ይህ እርስዎ ባደረጉት ወይም ባላደረጉት ነገር የመጣ አይደለም» ብሎ በግልጽ ሊናገር ይገባል። ይህ ዓረፍተ ነገር አባትና አያት ባሉበት ቢነገር ይበልጥ ይጠቅማል፤ ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤት ውስጥ ነውና።

6. እምነትን አለመጋፋት፣ ጉዳትን ግን መከላከል። ቤተሰቡ ጠበል ወይም ጸሎት ቢሻ መንቀፍ ተገቢ አይደለም፤ የተነቀፈ ቤተሰብ ለሌላ ቀጠሮ አይመለስም። ሆኖም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ልጁም እንዳይታሰርና እንዳይመታ በትሕትናና በጥብቅ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

7. ቤተሰቡን ባዶ እጁን አለመሸኘት። ልዩ ባለሙያ በሌለበት ቦታም ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ ልዩ ባለሙያ ባልሆኑ ሰዎች ሊሰጥ ይችላል፤ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት። መሠረታዊ ምክሮቹ ቀላል ናቸው፦ ልጁ ከሚወደው ጨዋታ መጀመር፣ በዓይኑ ትይዩ መቀመጥ፣ አጭር ቃል መጠቀም፣ የዕለቱን ሥራ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ማከናወን፣ ትንሿን እድገት ወዲያው ማመስገን።

ፊልሙን ለሥልጠና ስለመጠቀም

እንዲህ ያለ ፊልም ንግግር ብቻ የማይሰጠውን ጥቅም ይሰጣል። ሠልጣኙ ራሱን በሐኪሙ ወንበር ሳይሆን በእናቲቱ ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ይገደዳል። በአገራችን የተካሄደ ጥናት በአእምሮ ጤና ላይ ሥልጠና የወሰዱና በተለይም ስለ እድገት ችግሮች በቪዲዮ የታገዘ ትምህርት የተጨመረላቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ሥልጠናውን ካላገኙት ይልቅ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ያላቸው አሉታዊ አመለካከት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

«የማቀዝቀዣ እናቶች» ግን ውስንነቶችም አሉት። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ትኩረቱ በእናቶቹ ላይ በመሆኑ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ስለ ዛሬው ምርመራና ድጋፍም አያስተምርም። ስለዚህ የሚያሳየው አሠልጣኝ ፊልሙን በየመካከሉ እያቆመ «እዚህ ላይ ሐኪሙ ምን ማስረጃ ነበረው?»፣ «እኛ በእርሱ ቦታ ብንሆን ምን እንል ነበር?»፣ «በእኛ ጤና ጣቢያ ተመሳሳይ ቃል ይነገራል ወይ?» የሚሉ ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይመረጣል። በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የቤተሰቦችን ሕይወት የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞችን ማዘጋጀትም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ነገር ግን የልጆቹ ፊት ከመታየቱ በፊት ወላጆች ፊልሙ የት የት እንደሚታይ በሚገባ ተረድተው ሊፈቅዱ፣ ሐሳባቸውን ቢለውጡም መብታቸው ሊጠበቅ ይገባል። ድብቅነትን ለማስቀረት ተብሎ የልጁ ክብር ሊነካ አይገባም።

ማጠቃለያ

በፊልሙ የሚታዩት እናቶች የተጎዱት በክፉ ሰዎች አይደለም። የጎዱአቸው በጊዜው የተከበሩ፣ ልጆችን ለመርዳት የሚፈልጉ፣ ነገር ግን ያላረጋገጡትን ነገር በእርግጠኝነት የተናገሩ ባለሙያዎች ናቸው። ንድፈ ሐሳቡ በ1970ዎቹ ተዳክሟል፤ በእናቶቹ ላይ የተወው ቁስል ግን ፊልሙ በተቀረጸበት ጊዜም፣ ልጆቻቸው ጎልማሶች ከሆኑ በኋላ፣ አልሻረም ነበር።

ስለዚህ የጤና ባለሙያ ምክንያቱን በማያውቅበት ጊዜ ምክንያት ከመፍጠር መቆጠብ፣ በሚያውቅበት ጊዜ ደግሞ በግልጽ መናገር ይጠበቅበታል። ስለ ኦቲዝም መንስኤ ገና ያልተመለሱ ጥያቄዎች ቢኖሩም፣ ጥፋቱ የእናት አለመሆኑ የታወቀ ነው። ይህንን ለመናገር ልዩ መሣሪያም ሆነ ልዩ ክሊኒክ አያስፈልግም፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያ፣ በመጀመሪያው ቀን ሊነገር ይችላል፤ ሊነገርም ይገባል።